ሰውን የምንመዝነው ምኑን አይተን ነው?

(በ1998 ዓ.ም. የሕክምና ተመራቂዎች 20ኛ ዓመት መሰባሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር)

አዘጋጆቹ "ከተመረቅሽ በኋላ የተማርሽውን አንድ ነገር ንገሪን" ብለውኛል። እኔም የምነግራችሁ አንድ ስህተቴን ነው።

በ1999 ዓ.ም. ከነቀምቴ በጊዳ አያና በኩል አድርጌ ኪራሙ ገባሁ። ያኔ የቲቢ ሕክምና ስምንት ወር ይፈጅ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ታካሚው ሁለት ወር በየቀኑ እየመጣ መድኃኒቱን ባለሙያ ፊት ይውጣል፤ ቀሪውን ስድስት ወር በየወሩ እየወሰደ ቤቱ ይውጣል።

በአንድ ሳምንት ሁለት ሰዎች ጀመሩ። ማንነታቸው እንዳይለይ ብዙውን ዝርዝር ትቻለሁ። አንዱ የተማሩ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ አነጋገራቸው የተስተካከለ ነው። ሌላው የቀን ሠራተኛ ነው፤ አረቄ አረቄ ይሸታል፣ ያቀረቅራል፣ ለጠየቅኩት ሁሉ መልሱ አንድ ቃል ነው። ልቤ ወዲያው ፈረደ፦ እሳቸው ይጨርሳሉ፣ ይሄ ያቋርጣል። ሥራዬንም እንደ ፍርዴ አደረግኩት። ሠራተኛውን በመጣ ቁጥር አስጠነቅቃለሁ፤ እሳቸውን ግን "እርስዎማ ያውቁታል" ብዬ እሸኛለሁ።

ሠራተኛው ስምንቱን ወር ጨረሰ። የተማሩት ሰው በአራተኛው ወር ጠፉ፤ የተመለሱት ደም እያሳላቸው ነው። ሕክምናው እንደ አዲስ፣ በስትሬፕቶማይሲን መርፌ ጭምር ተጀመረ።

የቲቢ ክፍሏ ነርስ ያን ቀን "ዶክተር፣ እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር" አለችኝ። "እሳቸው የሚመጡት መንገዱ ጭር ሲል ነው። ሰው እንዳያያቸው ይፈራሉ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቁኝማ።"

ስለ ሠራተኛውም ጠየቅኳት። በኦሮምኛ ጨዋታ አዋቂ ነው አለችኝ። የእኔ ኦሮምኛ ከ"አካም ጅርታ" አያልፍም፤ እሱ የሚያወራውን እሷ በወረፋው ጥድፊያ አሳጥራ ነበር የምትተረጉምልኝ። አረቄውስ? እንጨት የሚፈልጠው አረቄ ከምታወጣ ሴት ቤት ነው፤ ሽታው የሥራው ነው።

ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የማያውቁትን ሰው ፊት ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ አይተው ይታመናል፣ አይታመንም ብለው ፈርደዋል። ጊዜ ሲጨመርላቸው ፍርዳቸው ብዙም አልተለወጠም፤ በፍርዳቸው ላይ ያላቸው እርግጠኝነት ግን ጨመረ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ይህ ማለት ግን ሰው ሰውን ማወቅ አይችልም ማለት አይደለም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ዴቪድ ፈንደር እንደሚሉት ትክክለኛ ግምት አራት ነገር ይፈልጋል፦ ሰውየው ጠባዩን የሚገልጥ ነገር ማድረግ አለበት፤ ያ ነገር ለገማቹ መታየት አለበት፤ ገማቹ ልብ ሊለው፣ ከዚያም በትክክል ሊመዝነው ይገባል። ተጫዋችነት ቶሎ ይታያል። ጽናት ግን በአሥር ደቂቃ ምርመራ ከየት ይታያል? ነርሷ ከእኔ የበለጠ የተማረች ሆና አይደለም፤ በሩ ላይ ሆና ማን በስንት ሰዓት፣ እንዴት ሆኖ እንደሚመጣ ታያለች። የሰውየውንም ጠባይ ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱን አየች።

ኪራሙ ኦሮምኛና አማርኛ ተናጋሪ በአንድ ገበያ የሚውልበት አገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን በዚያ አካባቢ ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። ሰው በስሙና በቋንቋው ብቻ በቅጽበት ሲመዘን ምን እንደሚመጣ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። የእኔ ስህተት ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ አጀማመሩ ግን አንድ ነው።

መምህሮቻችን ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁ ካርድ ላይ "አስቸጋሪ"፣ "የማይታመን" ብለው ሲጽፉ አስቁሟቸው። ያዩትን ይጻፉ፦ "ሁለት ቀጠሮ ቀርቷል፤ ምክንያቱ አልተጠየቀም።" እንዲህ የተጻፈ ካርድ የሚቀጥለውን ሐኪም እንዲጠይቅ ያደርገዋል። በር ላይ ያለችውን ነርስም እንዲጠይቁ አስተምሯቸው። እኔ ብጠይቅ ኖሮ እኚያ ሰው ያን ሁሉ መርፌ ባልተወጉ ነበር።