ሠራዊት በምን ይቀለብ? የከፋ መሬትና የገባር ነገር

(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተነገረ)



በኢዮቤልዩ ቀን ስለ ሕንፃው፣ ስለ ደወሉና ስለ ጽላቱ ክብር መናገር የተለመደ ነው። የዛሬው ንግግር ግን ደብሩ ስለ ቆመበት መሬት ነው። ይኸውም የከፋ መሬት በጦር ሠራዊትና በአገር አስተዳደር መካከል እንዴት እንደ ተከፈለ፣ በክፍያውም ማን እንደ ጠገበና ማን እንደ ተራበ ለመናገር ነው።

ሠራዊት ወደ አንድ አገር ገብቶ በዚያው የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ በምን ይቀለባል የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። ግምጃ ቤት ባለበት አገር የጦሩ አለቃ ደመወዝ ይጠይቃል፤ የአገሩ ሹም ገበሬው ሊሸከመው የሚችለውን አስቦ ይሰጣል ወይም ይከለክላል፤ ሁለቱም ይከራከራሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ ገበሬው መተንፈሻ ያገኛል። በከፋ ግን ክርክሩ የሚደረግበት ስፍራ አልነበረም፤ ምክንያቱም የጦሩ አለቃና የአገሩ ገዥ አንድ ሰው ነበሩ።

ከዘመቻው በፊት ከፋ የራሱ ሥርዐት ነበረው። ንጉሡ፣ ታቶ የሚባለው፣ ሚክረቾ በሚባሉ ሰባት አማካሪዎች እየተመከረ ይገዛ ነበር፤ አገሩም በጥልቅ ቦይና በበር ይጠበቅ ነበር። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዐቦዬ፣ ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ደጃዝማች ደምሰው ነሲቡ በየበኩላቸው ዘመቱ፤ የጅማው አባ ጅፋር ሠራዊትም አብሮ ነበረ። ከብዙ ወራት ጦርነት በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. መባቻ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ፤ ወደ ሸዋም ተወስደው ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ዐረፉ። በጦርነቱ ጊዜ ቤቱ ተቃጥሎ፣ እህሉ ጠፍቶ፣ ሕዝቡም በዱር ተበትኖ ነበር። በዚያው ዓመት ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ከአንደራቻ ተነሥቶ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ የዘመተው መስኮባዊው መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች የዚህን ጥፋት ምልክት በዐይኑ አይቶ ጽፎአል።

ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በአንደራቻ ተቀመጡ። ሠራዊታቸው ደመወዝ አልነበረውም፤ ስለዚህ በምድሩ ላይ ተመራ። በዚህ ስፍራ ግን አንድ ነገር በደንብ ሊታይ ይገባል። ለነፍጠኛው በመጀመሪያ የተቈጠረለት መሬት አልነበረም፤ ሰው ነበር። ለተራው ወታደር ጥቂት፣ ለመቶ አለቃው ከዚያ የሚበልጥ፣ ለትልቁ ሹም እጅግ ብዙ ገባር ይታዘዝለት ነበር። ገባሩም ያርሳል፣ ቤት ይሠራል፣ ዐጥር ያጥራል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እህልና ማር ይሸከማል፤ ሚስቱም ትፈጫለች።

ገባር የሚለው ቃል መነሻው መልካም ነበር። በግእዝ ገብረ ማለት ሠራ ማለት ነው፤ ቅዳሴውን የሚቀድሰውም ካህን ገባሬ ሠናይ ይባላል። በአማርኛ ግን ገበረ ማለት ግብር ከፈለ ሆነ፤ ወደ ትልቅ ወንዝ የሚወርድም ትንሽ ወንዝ ገባር ተባለ። ሰሙን ወንዝ አድርጎ ቅኔ ለሚቈጥር ደቀ መዝሙር ወርቁ ሩቅ አይደለም፤ ጎጀብ ለኦሞ ይገብራል፣ ኦሞም ለጎጀብ የሚመልስለት አንዳች ነገር የለም።

በሠራዊቱና በገበሬው መካከል የቆመው ባላባቱ ነበር። ከቀድሞው አገር ሹማምንት የገቡት በባላባትነት እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው፤ ሢሶ የሚባለውም ድርሻ ለእነዚህ ነበር። ባላባቱ ገባሩን ያቀርባል፣ የጠፋውን ይፈልጋል፣ ግብሩን ያስገባል። ወደ ላይ ሲለምን ሕዝቡን ወክሎ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ የሠራዊቱ እጅ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከዳተኛ ማለትም ጠበቃ ማለትም ይቀላል፤ ብዙዎቹ ግን በአንድ ቀን ሁለቱንም ሆነው ውለዋል።

የቍጥሩ መለኪያ ሰው መሆኑ ያመጣው ጥፋት ከጦርነቱ ጥፋት ያላነሰ ነው። መሬት ለባለቤቱ ርስት ቢሆን ኖሮ፣ ነፍጠኛው ለልጁ ብሎ መሬቱንም ገበሬውንም በጠበቀ ነበር። ነገር ግን ሹመት አላፊ ነበረ። አንዱ ገዥ ተሽሮ ሌላው በተሾመ ጊዜ፣ የቀድሞው ሠራዊት ከጌታው ጋር ይሄዳል፤ አዲሱም የራሱን ሠራዊት ይዞ ይመጣል። የሚሄደው ወታደር ጎጆውን ሊሸከም አይችልም፤ ሰውን ግን ይነዳል። ገባሩ በዚህ መንገድ ባሪያ እየሆነ ከአገሩ ወጣ፤ የሚመጣውም ወታደር ከቀረው ሕዝብ ላይ የቀድሞውን ያህል ይፈልግ ነበር። የሸሸው ሸሸ፤ የታረሰውም ወደ ዱር ተመለሰ። ዛሬ ከቦንጋ ዙሪያ የሚታየውን ደን ሰው ያልነካው የጥንት ጫካ ነው እያሉ የሚያደንቁ እንግዶች አሉ። አብዛኛው እንደዚያ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከደኑ አንዳንዱ የሰው ቤት የነበረ እርሻ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ይህ ሁሉ የዘመኑ ግዴታ ነበር፣ ሌላ መንገድ አልነበረም የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልሱ ከጎጀብ ማዶ ነው። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ያለ ጦርነት ገቡ፤ በየዓመቱ ግብር ሊሰጡ ተስማሙ፤ ስለዚህም ነፍጠኛ በአገራቸው ሳይተከል እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ጅማ በራሱ ሹማምንት ተዳደረ። የሒርማታ ገበያም ገነነ። ሠራዊቱ የሚፈልገው በቍርጥ ታወቀ፤ እንዴት እንደሚሰበሰብ ግን ለአገሩ ሹም ተተወ። የአባ ጅፋር ጥበብ ይህ ነበር። ይሁን እንጂ ጅማን ሁሉ ብርሃን አድርጎ መናገር አይገባም፤ ከከፋ የተነዳው ሰው ከተሸጠባቸው ገበያዎች የጅማው አንዱ ነበርና።

አሁን የቤተ ክርስቲያንን ነገር ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ከሠራዊቱ ጋር ካህናት መጡ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተተከሉ፤ ለአገልግሎታቸው የሰሞን መሬት ተሰጣቸው፤ ካህኑም እንደ ወታደሩ ከገባር እጅ ይበላ ነበር። ክርስትና በከፋ ከ1890 ዓ.ም. በፊትም የነበረ ነው፤ ለዚህ ሠራዊቱ አላስፈለገም። ነገር ግን ብዙ ደብር የተተዳደረበት እንጀራ ከዚያው ሌማት ነው። ጧት በቤተ መቅደስ ገባሬ ሠናይ የተባለው ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ገባሩ የሚያመጣለትን እህል ይጠብቅ ነበር፤ ሁለቱንም ቃል አንድ አፍ ጠርቶአቸዋል። ይህን በበዓል ቀን መናገር በዓሉን ማበላሸት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ኢዮቤልዩ በኦሪት ምን እንደ ሆነ ከሌዋውያን መጽሐፍ ይመልከት። መሬት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት፣ ባሪያም ነጻ የሚወጣበት ዓመት ነው እንጂ የድግስ ዓመት ብቻ አይደለም።

የመንግሥቱ ሐሳብ ቀስ እያለ ተለወጠ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ገባች፤ በዚያው ዓመት ባሮች ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ከአዲስ አበባ እስከ ከፋ ለመድረስ ግን ረዥም መንገድ ነበረበት። በኋላም ጠላት መጣ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከብበው እጃቸውን ሰጡ። ኢጣልያ ከፋን ጅማ ላይ ከተቀመጠው የጋላና ሲዳማ ግዛት አስተዳደር በታች አደረገች፤ የገባርንም ሥርዐት ሻረች። ይህን ያደረገችው ለገበሬው አዝና አይደለም፤ ነፍጠኛውን ትጥቁንና እንጀራውን ለማሳጣት ነው። ቢሆንም ገባሩ ከነፍጠኛው ደጅ ተለይቶ ያደረባቸው ዓመታት በልቡ ቀሩ፤ ይህንም በ1933 ዓ.ም. የተመለሰው መንግሥት ያውቅ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ሠራዊቱ ደመወዙን ከግምጃ ቤት እንዲቀበል ተደረገ፤ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በወጡት ዐዋጆችም የመሬት ግብር በገንዘብ ሆነ። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተመደበ፤ በጋሻም ተቈጠረ፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ያህል ነው። የጉልበት ግብር ቀረ። የከፋ ሰው ከአርባ ዓመት በላይ ሲመኘው የነበረው፣ የጦሩ ነገር ለጦሩ የአገሩም ነገር ለአገሩ ሹም የመሆኑ ሥርዐት፣ በወረቀት ላይ ደረሰ።

ነገር ግን በመዝገቡ ላይ የማን ስም ይጻፍ? መሬቱን ተመርቶ የነበረው፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቀው፣ ከጸሓፊውም ጋር ቋንቋው አንድ የሆነው ሰው ቀድሞ ቀረበ፤ ግብሩንም ከፍሎ ደረሰኝ ተቀበለ። ደረሰኝ የያዘ ባለ መሬት ተባለ። አባቱ ያቀናውን የሚያርሰው ግን ገባር መባሉ ቀርቶለት ጭሰኛ ተባለ። ቀላዱ ከሰው አንገት ወርዶ በመሬት ላይ ተዘረጋ፤ ጫፉን የያዘው እጅ ግን ያው የቀድሞው ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት የተደረገው ቈጠራ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ካሉት ገበሬዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሰው መሬት ላይ የሚያርሱ መሆናቸውን አሳይቶአል።

በ1958 ዓ.ም. የጉልት መብት ተሻረ፤ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። በዚያ ቀን ነፍጠኛውም፣ ባላባቱም፣ ደብሩም መሬታቸውን በአንድነት አጡ። የከፋ ካህናት ከዚያ ወዲህ የኖሩት ምእመናን በሰበካ ጉባኤ በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ከሚያዋጡት መካከል የእነዚያ ገባሮች የልጅ ልጆች ይገኛሉ፤ ዛሬም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል።