ሽቦም ስም ይኑረው



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሮጌ መኪና ሽቦ ነው። «መኪና ለሌለው ሰው የመኪና ሽቦ ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እስከ መጨረሻው ስሙንና ፍረዱን።

በተመደብንበት ቀበሌ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር አለችው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ይሠራ ከነበረው ዓይነት ናት። ማዳበሪያ ታመጣለች፣ እህል ገበያ ታወጣለች፣ በሽተኛም ታደርሳለች። አንድ ሌሊት ምጥ የጠናባትን እናት ጭና ወደ ጤና ጣቢያ ስትጓዝ ዳገቱ መሐል ላይ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ወጣ። ሾፌሩ ዘሎ ወርዶ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። እሳቱ ቀረ፤ መኪናዋም እዚያው ቀረች። እናቲቱን በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሊነጋ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ። ባይተርፉስ ኖሮ ማንን እንጠይቅ ነበር?

በማግስቱ ኮፈኑን ከፍተን አየን። ሽቦው እንደ ተበላሸ ፈትል እርስ በርሱ ተተብትቧል። በየጊዜው አንዱ መጥቶ አንድ ሽቦ ጨምሮበታል፤ አሮጌውን ያነሣ ግን የለም። ለተጨማሪ መብራት ተብሎ ከባትሪው በቀጥታ የተዘረጋ አንድ ሽቦ ነበር። ፊውዝ የለውም። በስለታም ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ሲፋተግ ኖሮ ላስቲኩ ተላጠ፤ መዳቡ ብረት ነካ። ጭሱ የመጣው ከዚያ ነው።

ለምን? በመኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ ከባትሪው በሽቦ ይወጣል፤ መብራቱን ወይም ክላክሱን ያሠራል፤ ከዚያም በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። የተላጠ ሽቦ ብረት ሲነካ ግን ኤሌክትሪኩ ሥራ ሳይሠራ በአቋራጭ ይመለሳል። ያን ጊዜ እንደ ደራሽ ውሃ ነው። ሽቦው ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳት ይነሣል። ፊውዝ ማለት ይህ እንዳይሆን ቀድሞ የሚቀልጥ ቀጭን ሽቦ ነው። እርሱ ሲቀልጥ መንገዱ ይቋረጣል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይኸንኑ ነው። በፊውዝ ቦታ ምስማር የሚያስገባ ሰው እሳትን በእጁ ይጠራል።

እኛም ተምረናል ብለን ችኮላ ያዘን። ፒንሳ ይዘን የማያስፈልግ የመሰለንን ሽቦ ሁሉ ቆረጥን። ማታ ሞተሩ አልነሣም አለ። የቱ ሽቦ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ጠፋብን። ሁለት ቀን ሙሉ ለፋን። አጠገባችን ቆመው ያዩ የነበሩ አንድ አዛውንት እንዲህ አሉን፤

«ልጆቼ፣ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ወገል፣ ምራን ብዬ ለእያንዳንዱ ስም ባይኖረው ልጄን ምን አምጣ ብዬ እልከዋለሁ? እናንተ ፊደል ታስተምሩናላችሁ። ለሽቦው ስሙን ለምን አትጽፉለትም?»

አፈርን። እውነታቸውን ነው። እንደ አዲስ ጀመርን። የሠራነውም እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ከባትሪው ላይ በመጀመሪያ የመቀነስ ምልክት ያለበትን፣ ከመኪናዋ ብረት ጋር የታሰረውን ገመድ ፈታን። ሌላውን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው፣ መፍቻው ብረት ቢነካበት ትልቅ ፍንጣሪ ይነሣበታል።

ሁለተኛ፣ አንድም ሽቦ ሳንነቅል በየጫፉ ስም የተጻፈበት ጨርቅ አሰርን። «ክላክስ»፣ «የቀኝ መብራት»፣ «ሞተሪኖ» እያለ የጻፈው በዚያው ዓመት ፊደል የለየው የመኪናዋ ረዳት ነው።

ሦስተኛ፣ ቀለሙን አየን። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ በተሠሩ መኪናዎች ቡናማ ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ ነው። ነጩ በቁልፍ ሲከፈት የሚሠራ፣ አረንጓዴው ከፊውዝ ቀጥሎ ያለ፣ ሰማያዊው የፊት መብራት፣ ጥቁሩ ወደ ብረቱ የሚመለስ ነው። ኋላ ሰው የጨመረው ሽቦ ግን ይህን ሥርዓት ላይጠብቅ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን እስከ ጫፉ ተከተልነው።

አራተኛ፣ ሥራ የሌለውን ሽቦ አወጣን፤ የተላጠውን ለወጥን፤ የዛገውን ጫፍ ፈግፍገን አጸዳን።

አምስተኛ፣ ለተጨማሪው መብራት ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገባን። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎች 120 ዋት ናቸው። 120ን ለባትሪው 12 ቮልት ስናካፍል 10 አምፔር ይሆናል። ስለዚህ የ15 አምፔር ፊውዝ አደረግን፤ ሽቦውንም ይህን የሚችል ወፍራም አደረግነው። ሽቦው ከፊውዙ ከደከመ ፊውዙ ሳይቀልጥ ሽቦው ይቃጠላል።

ስድስተኛ፣ ሽቦዎቹን ሰብስበን ከማርሚታው፣ ከሚሽከረከር ነገርና ከስለታም ጠርዝ አርቀን በየስንዝሩ አሰርን። በብረት ቀዳዳ በሚያልፉበት ቦታ ጎማ አለበስናቸው። ሞተር ሲሠራ ይነቃነቃልና እንደ ክራር ጅማት አልወጠርናቸውም።

መጀመሪያ የፈታነውን የባትሪ ገመድ መጨረሻ ላይ አሰርን። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቱም በራ።

ሁሉንም በደብተር ሥለን ከመኪናዋ ውስጥ አስቀመጥነው። እኛ እንሄዳለን፤ ደብተሩ ግን ይቀራል። በሌላ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ረዳቱ ደብተሩን ገልጦ ያነባል እንጂ በጨለማ አይዳብስም።

ይህ ለመኪና ብቻ አይደለም። የውሃ መሳቢያ ሞተርም ባትሪና ሽቦ ካለው እንዲሁ ነው። የወፍጮ ቤት የመብራት ኃይል ሽቦ ግን ሰው ይገድላልና ከባለሙያ በቀር ማንም አይንካው። በቀረው ሁሉ ከመፍታታችሁ በፊት ጻፉ። የተማራችሁት ፊደል ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።