ጎተ በቡና አገር



የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦክቶበር 3 ቀን 1819 የ25 ዓመቱ ኬሚስት ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ ድመት ይዞ የና ከተማ ወደሚገኘው ባለቅኔ ዘንድ ሄደ። ከመርዛማ ዕፅ የተገኘ ጠብታ የድመቷን የዓይን ብሌን ምን ያህል እንደሚያሰፋ አሳየው። ዮሐን ቮልፍጋንግ ፎን ጎተም ባየው ነገር ተደንቆ፣ እንግዳውን ሲያሰናብት አንድ ሳጥን የቡና ፍሬ ሰጠውና እንዲመረምረው አደራ አለው። ሩንገም ብዙ ሳይቆይ ካፌይንን ከቡና አንጥሮ አወጣ። ከእኛ ጫካ የወጣው ተክል ምስጢሩ የተገለጠው በአንድ ባለቅኔ ጉጉት ነው።

በዚያው ዓመት ጎተ «የምዕራብና የምሥራቅ ዲዋን» የተባለውን የግጥም መጽሐፉን አሳተመ። ጎተ ዛሬም ለምን እንደሚነበብ ስጠየቅ የማስቀድመው ይህንን ነው። ትልቁን ድራማውን «ፋውስት»ን መጀመሪያ የሚያነሣ ወጣት ብዙውን ጊዜ ፈርቶ ያስቀምጠዋል፤ ዲዋኑ ግን በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1814 ጎተ 65ኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲል፣ ሐመር የተባለ ኦስትሪያዊ ወደ ጀርመንኛ የመለሰው የፋርሱ ሐፊዝ ግጥም እጁ ገባ። «ዌርተር» የተሰኘው ልብ ወለዱ በ1774 ስሙን ካገነነው 40 ዓመት ሆኖታል፤ የሚጨመርለት ክብር አልነበረም። እሱ ግን እንደ ደቀ መዝሙር ተቀመጠ። የዐረብኛ ፊደል መጻፍ ተለማመደ፣ ስለ ምሥራቅ የተጻፈውን አነበበ፣ ከ400 ዓመታት በፊት ለሞተ ሙስሊም ባለቅኔም በራሱ ቋንቋ መልስ ሰጠ። ምሥራቅን በዓይኑ ሳያይ ከመጻሕፍት ብቻ እንደ ሠራው ልብ ልንል ይገባል። ቢሆንም አክብሮቱ እውነተኛ ነው፤ ዛሬም የሚስበን ይህ በሽምግልና ለመማር የመጣ ትሕትና ይመስለኛል።

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ መንዙማ እየሰማ ያደገ ሰው ለዚህ መጽሐፍ ባዕድ አይሆንም። የናፍቆቱ ቃል ለሰው ነው ወይስ ለፈጣሪ ብሎ መጠየቅ ለጆሮው የተለመደ ነው። ዲዋኑ በ1827 ሰፍቶ ሲታተም በጊቤ መንግሥታት እስልምና ሥር እየሰደደ ነበር፤ ከ3 ዓመት በኋላም ቀዳማዊ አባ ጅፋር በጅማ ነገሠ። ጎተ ስለዚህ ሁሉ አልሰማም። ነገር ግን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የሚያገናኘን ጉዳይ አለ።

ጎተ ተፈጥሮን የሚያይበት ዓይንም ለገበሬ አገር ይስማማል። በ1790 ስለ ዕፀዋት ባሳተመው ጥናት የአበባው ክፍሎች ሁሉ የተለወጠ ቅጠል ናቸው አለ። በዲዋኑ ውስጥ ደግሞ መሐሉ የተሰነጠቀ የጊንክጎ ቅጠል አንሥቶ አንድ ነው ወይስ ሁለት ብሎ ይጠይቃል። ጅማ አጠገብ በመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ቅጠል ሲመረምር የሚውል ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ስለ ምሥራቅና ስለ ምዕራብ ነፋስ የሚናገሩት ሁለቱ የዲዋኑ ውብ ግጥሞች የጎተ ወዳጅ የነበረችው የማሪያነ ፎን ቪለመር ናቸው። እሷም፣ ጎተም ለሕዝብ ሳይናገሩ ሞቱ፤ እሷ በሕይወት ሳለች የነገረችውን ምስጢር በ1869 ለሕዝብ ያወጣው ጀርመናዊው ጸሐፊ ኸርማን ግሪም ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት የሌላ ስም ይዘው የተነበቡ ግጥሞች ናቸው። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ተነሥቶ ዲዋኑን ወደ አማርኛም ሆነ ወደ ኦሮምኛ የሚመልስ ሰው ቢገኝ፣ በእነዚያ ገጾች ላይ ስሟን ከግጥሙ በላይ እንዲጽፍልኝ እለምናለሁ።