«ገባኝ» ማለት በቂ ነው?

ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀመረ። ቀዶ ጥገናው የሰዓታት ሥራ ነው፤ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚያደርገው መድኃኒት ግን በየቀኑ፣ በሰዓቱ ይወሰዳል። ስለዚህ ታካሚው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ነርሷ የምትሰጠው ትምህርት ራሱ ሕክምና ነው። «ገባዎት?» ስትል ብዙው ሰው በአክብሮት «አዎ» ይላል፤ ይህ ግን ማስረጃ አይሆንም። «ማታ የሚወስዱት የትኛውን ነው? ቢያስመልስዎትስ ምን ያደርጋሉ?» ብላ ስትጠይቅ ክፍተቱ ይታያል። ትምህርቱን መድገም ወይም አስታማሚውን አብሮ ማስተማር እንዳለባት የምትወስነውም ያኔ ነው።

«ታካሚ በበዛበት ለዚህ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ነርሶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ሁለት ጥያቄ ግን ቢበዛ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ መድኃኒት በመዛነፉ የተጎዳ ኩላሊት ታካሚውን ወደ ኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ሊመልሰው ይችላል።