በፎቶ ቡድናችን አስተያየት መስጠትና መቀበል
(በኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ ፎቶ ቡድኑ አንድ ነገር ተናገር» ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴ እስከ 12ኛ ክፍል ነው፤ ካርቱም ዴም ሰፈር በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ስሸጥ ነው ብዙውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት። ካሜራ የያዝኩትም ሙቀቱ ደንበኛ በሚያባርርበት የቀትር ሰዓት ሥራ ስለምፈታ ነው። ሆኖም ከዚያ ቡድን ያተረፍኩት ከፎቶው ሌላ ነገር ስለሆነ እሱን ልናገር ብዬ ተነሣሁ።

አሥር የምንሆን ሰዎች ነበርን። ዓርብ የሱዳን የዕረፍት ቀን ስለሆነ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን። እያንዳንዱ አንድ ፎቶ አሳትሞ ይመጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፣ ሻይ እየጠጣን እናያለን። እስከ 2011 ዓ.ም. በቆየው በአልበሽር ዘመን በየመንገዱ ፎቶ ለማንሳት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልግ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ድልድይና ወታደራዊ ቦታማ ጭራሽ አይነካም። ስለዚህ አብዛኛው ሥራችን ግቢ ውስጥ ነበር፤ ክርስትና፣ ሠርግ፣ የቡና ሥነ ሥርዓት፣ የመስቀል ደመራ።

ችግሩ አስተያየቱ ላይ ነበር። ለብዙ ወራት ጠረጴዛው ላይ የተሰማው ቃል «ያምራል» ብቻ ነው። «እጅህ ይባረክ» የሚልም ነበር። ትክክለኛው አስተያየት የሚወጣው ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ነው፤ «የእሱን አየኸው? የሙሽራዋን እግር ቆርጦታል እኮ!» ይባላል። ሙሽራዋን ያነሳው ሰው ግን ይህን አይሰማም፤ በሚቀጥለው ሠርግም የሌላዋን ሙሽራ እግር ቆርጦ ይመጣል። ይሉኝታ ነው። ባስ ሲል ደግሞ አሽሙር ይሆናል።

ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። የእኔ ዕድሜ ያለው ሰው «ሂስ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ትዝ የሚለው ፎቶ አይደለም። በደርግ ጊዜ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነበር፤ ሰው ተነሥቶ ራሱን ይከሳል፣ የቀረው ደግሞ ይጨምርበታል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግምገማ መጣ። እዚያ የሚታየው ሥራው ሳይሆን ሰውየው ነው። ከዚያ የመጣን ሰዎች ስለ አንድ የሠርግ ፎቶ እንኳ ለመናገር ብንፈራ አይገርመኝም።

እኔ ግን አንድ ዓርብ ይሉኝታዬን ጣልኩት። ያውም በመጥፎ መንገድ። በመንገድ ዳር ቡና የምታፈላ አንዲት ወጣት እህታችን ነበረች። ያመጣችው ፎቶ የሥራ ጓደኛዋን በራኩባ ጥላ ሥር ጀበና ይዛ ያሳያል፤ ከኋላዋ መንገዱ በፀሐይ ያበራል። እኔም በሰው ፊት፣ «ይሄ ምን ፎቶ ነው? ፊቷ ከሰል መስሏል፤ ከሴትየዋ ይልቅ መንገዱ ጎልቷል። ወደ ብርሃን አታንሱ ብለን ስንቴ ተናገርን?» አልኩ። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ልጅቱ ፎቶዋን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ሻይዋን ጨረሰች፣ ሄደች። በሚቀጥሉት ሦስት ዓርቦች አልመጣችም።

«እውነቱን ነው የተናገርኩት» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ባለቤቴ ግን «ሱቅህ ለሚመጣ ደንበኛ እንዲህ ትናገራለህ?» አለችኝ። ይሄ ያዘኝ። በንግድ የማውቀው ነገር አለ፤ «በርበሬህ ጨው በዝቶበታል» ብሎ የሚቆጣ ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል፤ ዝም ብሎ የወጣው ነው የሚቀረው።

ቡና ወደምታፈላበት ቦታ ሄድኩ፣ ባምበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ጀበና አዘዝኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሷም፣ «ጋሼ፣ መጥቆሩንማ እኔም አይቼዋለሁ። እኔ መስማት የፈለግኩት እንዴት እንደማፈካው ነበር» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እንዴት እንደሚፈካ እኔም አላውቅም ነበር። የማውቀው ስሕተት መሆኑን ብቻ ነው።

ጥያቄውን ይዘን ወደ ቡድኑ ተመለስን፤ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ልጅም አስረዳን። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ነጠላ ወይም ነጭ ጀለቢያ ከበዛ፣ ወይም ከኋላ ብርሃን ከበረታ፣ «በጣም ደመቀ» ብሎ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የእኛም ፊት ይጠቁራል። ስለዚህ ማጋለጫውን በአንድ ነጥብ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ሰውዬውን ዞር አድርጎ ብርሃኑን ፊቱ ላይ ማሳረፍ ነው። (በፊልም ዘመን የኮዳክ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ባለበት ካርድ ነበር፤ ካርዱን ሸርሊ ይሉታል። እኛ ፎቶ ቤት ሄደን «አጠቆርከኝ» ብለን የተጣላነው ሁሉ የባለ ፎቶ ቤቱ ጥፋት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።)

ከዚያ በኋላ አስተያየት የምንሰጥበትን መንገድ ለወጥን። መጀመሪያ ፎቶው ላይ የሚታየውን ብቻ እንናገራለን፤ ባለቤቱ የፈለገው ነገር ለሌላው ሰው መድረሱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ቀጥሎ ምን ለማሳየት እንደፈለገ እንጠይቀዋለን። ጉድለት የሚናገር ሰው ለሚቀጥለው ዓርብ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር አብሮ ይናገራል። አንድ ብቻ። ሌላው ደንብ ታናሽ አስቀድሞ እንዲናገር ነው፤ በባህላችን ታላቅ ከተናገረ በኋላ «የለም ጋሼ» የሚል ስለማይኖር። አንድ ወዳጃችን «እኔ እዚህ የመጣሁት ላርፍ እንጂ ልማር አይደለም» ብሎ ከቡድኑ ወጣ። አንዳንዴ እሱም እውነት ነበረው እላለሁ።

ከሁሉ የከበደው ግን ባለ ፎቶው ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ዝም እንዲል ያወጣነው ደንብ ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያፈረስኩትም እኔ ነኝ። በገና በዓል ግቢያችን ውስጥ አርባ ሰው አሰልፌ ያነሳሁትን ትልቅ ፎቶ አመጣሁ። ያቺው ልጅ አየችውና፣ «ጋሼ፣ ሁሉም የሚያዩት የእርስዎን ካሜራ ነው፤ እርስ በርሳቸው አይተያዩም። በዓሉ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ተቆጣሁ። ቦታው ጠበበኝ አልኩ፣ ካሜራው አሮጌ ነው አልኩ፣ ሰዉ አልታዘዝም አለኝ አልኩ። ሁለት ሳምንት ቀረሁ። በዓመቱ ገና ግን ሰልፉን አንሥቼ ሲበተኑ ካሜራዬን አላስቀመጥኩም፤ አንዲት እናት የልጇን ነጠላ ስታስተካክል አገኘሁ። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ እሱን እወድ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ስዑር ነበር። ሱቄ ለፋሲካ ቅቤና እንቁላል በሚገዛ ሰው ተሞልቶ ሳለ የተኩሱ ድምፅ ተሰማ። ከቀናት በኋላ እንደ ብዙዎቻችሁ በገዳሪፍ አድርገን መተማ ገባን። ፎቶዎቼ ያሉበት ሃርድ ዲስክ ሱቅ ውስጥ ቀረ። ቆይቶ አንድ ጎረቤት ሄዶ ሲያይ በሩ ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። የነጠላዋ እናት ፎቶም አብሮ ሄደ።

ኮሚቴው ለዚህ መጽሔት የዴምን ፎቶ ሲያፈላልግ የተገኘው አንድ ነው፤ ያ ፊቱ የጠቆረው። ልጅቱ ከቦርሳዋ አላወጣችውም ነበር። ስናሳድገው ከጀበናዋ ኋላ መንገዱ በሙሉ ይታያል፤ ውሃ የጫነ የአህያ ካሮ፣ የጎረቤቶቻችን ግንብ፣ በግራ ጥግ ደግሞ ግማሽ የሱቄ በር። የኋላ ኋላ በተማርነው መሠረት ብርሃኑን ጨምራ አንሥታው ቢሆን ኖሮ የሴትየዋ ፊት ይፈካ ነበር፤ መንገዱ ግን ነጭ ሆኖ ይጠፋ ነበር። ለኅትመት ፊቷን ትንሽ እናፍካው ወይስ እንተወው ብለን ተወያየን። ታናሾች አስቀድመው ተናገሩ። እሷ «እንዳለ ይሁን» አለች፤ እንዳለ ታትሟል።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያንን የአርባ ሰው የገና ፎቶ አሳትሜ በጊዜው ለየቤተሰቡ አድዬ ነበር። በእጃችሁ ያለ ካላችሁ እባካችሁ ለኮሚቴው አሳዩ፤ የምታውቁትን ሰው ስም ከጀርባው ጻፉበት። ከአርባው መካከል እስከ ዛሬ የት እንዳሉ ያልሰማንላቸው አሉ። እርስ በርስ ባይተያዩም ፊታቸው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።