ፀረ አረም መድኃኒት የተረጨበት ማሳ መቼ ይዘራ?

ስለ ዘር እደላና ስለ አፈር ሙከራ ለእርዳታና ለሠፈራ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ድርቅ ሰብሉን ባጠፋበት ወረዳ ዝናብ እንደገና ሲጥል የሁሉም ሐሳብ ወደ ዘር እደላ ያዘነብላል። ወቅቱ አጭር በመሆኑ ጥድፊያው የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ዘሩ ከመታደሉ በፊት ሊቀርብ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በዚህ ማሳ ላይ ባለፈው ወቅት ምን ተረጭቷል?» የሚለው ነው።

ፀረ አረም መድኃኒቶች በአፈር ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ እንደ ዓይነታቸው ይለያያል። በጤፍና በስንዴ ማሳ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ለማጥፋት የሚረጨው ቱ ፎር ዲ እርጥበትና ሙቀት ባለው አፈር ውስጥ በ10 ቀናት ገደማ ግማሹ ይፈርሳል፤ በጥቂት ሳምንታትም ኃይሉ ያልቃል። በበቆሎ፣ በማሽላና በሸንኮራ አገዳ ማሳ የሚረጨው አትራዚን ግን ግማሹ እስኪፈርስ ድረስ 60 ቀናት ያህል ይፈልጋል። በአንድ ሄክታር 1 ኪሎ ግራም አትራዚን ቢያርፍ፣ ከ120 ቀናት በኋላ 250 ግራም፣ ከ180 ቀናትም በኋላ 125 ግራም ያህል በአፈሩ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን አፈሩ እርጥበት ሲኖረው ነው። መድኃኒቱን በማፍረስ ረገድ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት በዓይን የማይታዩ የአፈር ረቂቅ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ እነርሱም ውሃ ካላገኙ ሥራቸው ይዳከማል። ስለዚህ ሰብሉን ያደረቀው ድርቅ መርዙን ጠብቆ ያቆየዋል። በደረቅ ዘመን አትራዚን ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ሊቆጠር የሚገባው ያለፈው ቀን ሁሉ ሳይሆን አፈሩ ርሶ የሰነበተበት ጊዜ ነው።

የአፈሩም ጠባይ ልዩነት ያመጣል። አትራዚን በአሲዳማ አፈር ፈጠን ብሎ ሲፈርስ፣ የአልካሊነት ጠባይ ባለው አፈር ይዘገያል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች አሲዳማ አፈር በብዛት ሲገኝ፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች ደግሞ ተቃራኒው ይታያል። በአንዱ አካባቢ የተለመደውን የጊዜ ልክ ለሌላው እንዳለ መውሰድ አይገባም።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከ500,000 በላይ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሠፍሩ ተደርጓል። ነባር ገበሬ የአባቱን ማሳ ታሪክ ያውቃል፤ ሠፋሪ ግን የተመራለትን መሬት ታሪክ አያውቅም። ቀድሞ በዘመናዊ እርሻ ሥር የነበረ መሬት ለሠፋሪ ሲሰጥ፣ የተረጨው መድኃኒት ስም፣ መጠኑና የተረጨበት ቀን አብሮ መተላለፍ አለበት።

መዝገቡ ካልተገኘ ግን ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሙከራ አለ። ከማሳው ልዩ ልዩ ሥፍራዎች፣ በተለይም የርጭት መሣሪያው ከሚዞርበት ዳርቻ፣ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ይወሰዳል። ለማነጻጸሪያም ካልተረጨ ቦታ ተመሳሳይ አፈር ይመጣል። ሁለቱም ከሥራቸው በተበሱ ጣሳዎች ለየብቻ ይሞላሉ፤ መድኃኒት የነበረበት ጣሳ ፈጽሞ አያገለግልም። ሊታደል የታሰበው ዘር በእኩል ቁጥር ተዘርቶ፣ ውሃ እየጠጣና ፀሐይ እያገኘ 3 ሳምንት ይቆያል።

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አትራዚን ዘሩን ከመብቀል አያግደውም። ቡቃያው ደህና መስሎ ይወጣል፤ በዘሩ ውስጥ ያለው ስንቅ ሲያልቅ ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ከዳር ጀምረው ይገረጣሉ፣ ይደርቃሉም። ስለዚህ «ዘሩ በቅሏል» የሚል ሪፖርት ብቻውን የደኅንነት ማስረጃ አይሆንም።

በተረጨው አፈር ላይ የበቀለው ከማነጻጸሪያው ጋር እኩል ከሆነ ዘሩ ይታደል። ከገረጣ ወይም ከቀጨጨ ስንዴ፣ አጃ፣ ቦሎቄና አኩሪ አተር በዚያ ማሳ ሊዘሩ አይገባም፤ ጤፍም ቢሆን ያለ ሙከራ አይሞከርም። ቅሪቱ የአትራዚን መሆኑ ከታወቀ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት በቆሎና ማሽላ ናቸው፤ ከእነርሱም ቀሪው ዝናብ የሚያደርሳቸው ዝርያዎች ይመረጣሉ። የመድኃኒቱ ዓይነት ካልታወቀ ግን ይህ ምርጫ ዋስትና የለውም፤ በቆሎውና ማሽላውም በዚያው አፈር መሞከር አለባቸው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። በተመረዘ አፈር ላይ የፈሰሰ ዘር ግን ለመልቀምም አይገኝም። ቤተሰቡ ለወቅቱ የሚሰጠው ዘር አንድ ጊዜ ብቻ ነውና፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት በጣሳ የሚደረገው የ3 ሳምንት ሙከራ የእደላው ዕቅድ አንድ ክፍል ሆኖ ሊያዝ ይገባዋል።