አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ፊደል



ድሬዳዋ ውስጥ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አንድ ገጽ ሳይሞላ ፊደል ይቀይራል። ደብዳቤው በአማርኛ ነው፤ የባለጉዳዩ ስም ወይም ከሶማሊኛና ከኦሮምኛ የተወሰደው ቃል ግን በላቲን ፊደል ይገባል። ጸሐፊዋ ከግዕዝ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ግዕዝ ስትመላለስ ትውላለች። መመለሷን የረሳች እንደሆነ ማንም የማያነበው የፊደል ክምር ይወጣባታል። ያው ቁልፍ አሁን አንድ፣ በኋላ ሌላ ሥራ የሚሠራበትን ይህን ሁኔታ የኮምፒውተር ባለሙያዎች «ሞድ» ይሉታል።

ሞድን አጥብቆ የያዘው ኤዲተር፣ ማለትም የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ቢል ጆይ በ1976 እ.ኤ.አ. በበርክሌይ መጻፍ የጀመረው ቪአይ ነው። ስትከፍቱት ቁልፎቹ ትእዛዝ እንጂ ፊደል አይደሉም። ጄ አንድ መስመር ያወርዳል፤ ኤክስ ፊደል ያጠፋል። ለመጻፍ አይ ትመታላችሁ፤ ሲበቃችሁ ኤስኬፕ። እጁ የለመደ ሰው ይፈጥንበታል። የእኛ ሰው ግን የማሽኑን ኪቦርድ ወደ ግዕዝ እንዳዞረ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ጄ «ጅ» ይሆንና ኤዲተሩ ዝም ይላል። ሞድ በሞድ ላይ ተደረበ ማለት ነው። ላሪ ቴስለር የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ ሞድ ጨርሶ እንዲቀር ሲከራከር ኖሯል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለት ፊደል የሚጽፍ ሕዝብ ከሞድ አያመልጥም። ጥያቄው ሞዱን የሚቀርጸው ማን ነው የሚል ነው።

በዚያው በ1976 በኤምአይቲ የተወለደው ኢማክስ የተባለ ሌላ ኤዲተር ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጂኤንዩ ኢማክስ አብዛኛው ክፍሉ ሊስፕ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ሳይዘጋ አንድ ቁልፍ የሚሠራውን ሥራ ይለውጣል፤ አዲስ ሞድም ይጽፍለታል። የድሬዳዋን የባቡር ወርክሾፕ የምታውቁ ነገሩ አይጠፋችሁም። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋና መለዋወጫው ከፋብሪካ ሲጠፋ ግን ሠራተኞቻችን ብረቱን በቶርኖ እየቀረጹ አኖሩት። ይህን ያደረጉት ማሽኑን ፈትተው ሆዱን ስላዩት ነው። የኢማክስም ሆድ እንዲሁ ክፍት ነው።

ፊደላችንም ወደ ኢማክስ የገባው በዚህ በር ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ቁልፎች የሚወክል ሴራ የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ። ትንሹ ቲ «ት»ን፣ ትልቁ ቲ «ጥ»ን ይሰጣል፤ አናባቢው ሲከተል ፊደሉ ከሳድስ ወደ ሌላው ቤት ይሻገራል። ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ ደግሞ ይህን ሥርዓት በኢማክስ ውስጥ ሠራው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢማክስ 20 ግዕዝን ይጽፍ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ በሦስተኛው እትሙ ነው። የግዕዝ አጻጻፉ የተሠራው በኤዲተሩ ውስጥ ስለሆነም የኮንትሮል ትእዛዞቹ አማርኛ እየተጻፈም ይሠራሉ።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ትንሿ ነገር ናት። በቃላት መካከል ባዶ ቦታ የሚገባበትን ሞድ የጥንቱን ሁለት ነጥብ ወደሚያስገባው ማዞር ይቻላል። የብራና ጸሐፊዎች ቃልን ከቃል የለዩበት ነጥብ በአንድ ትእዛዝ ይመለሳል። ይህን ያሰበ ሰው የፊደሉን ጠባይ ቀርቦ አጥንቷል።

የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቻችንን የምለምናቸውም ይኸንኑ ነው። አማርኛውን በግዕዝ፣ ሶማሊኛውንና ኦሮምኛውን በላቲን የሚጽፍ፣ የትኛው ፊደል ላይ እንዳለን በጠቋሚው ቀለም የሚያሳይ ሞድ ለድሬዳዋ ያስፈልጋታል። ጥቂት የሊስፕ መስመር የሚበቃው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ግን ኮንትሮልና ኤች፣ ቀጥሎም ኤች መትታችሁ የኢማክስን የሰላምታ ዝርዝር ክፈቱ። ከዓለም ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አለ፤ ቃሉም «ሠላም» ተብሎ በንጉሡ ሠ ተጽፏል። በግዕዙ ሥርዓት ሰላም የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው። ፋይሉ ለማንም ክፍት ነው፤ እርማቱ ከዚህ አዳራሽ ቢላክ ደስታዬ ነው።